ጉልበት ማስቀየር፦ ከመወሰን በፊት ምን ከምን ጋር ይመዘናል?

«ጉልበትዎ አልቋል፤ መቀየር አለበት» የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ ውሳኔው ያለቀ እየመሰለው ነው ከሐኪሙ ክፍል የሚወጣው። አላለቀም። የተጎዳ ጉልበት ያሠቃያል እንጂ አይገድልም፤ ቀዶ ሕክምናውም እንደ ትርፍ አንጀት ዛሬውኑ ካልተሠራ የሚባል አይደለም። ለማሰብ፣ ሌላ ሐኪም ለማማከር፣ መጀመሪያ ሌላ ሕክምና ለመሞከር ጊዜ አለ። ሐኪሙ የሚያውቀው ከመቶ ሰው ስንቱ እንደሚሻለውና ስንቱ እንደሚጎዳ ነው። ያ ጉልበት ቀኑን ሙሉ ምን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ሕመም እንደሚቻልና የትኛው እንደማይቻል የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ግማሽ ነገር ብቻ ነው።

ራጁም ቢሆን ብቻውን ፈራጅ አይደለም። የጉልበት ሪህ፣ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት፣ በራጅ ሲታይ ከዜሮ እስከ አራት ደረጃ ይሰጠዋል። አራት ማለት የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ተበልቶ አጥንት ከአጥንት ጋር እየተፋተገ ነው ማለት ነው። አራተኛ ደረጃ ላይ ሆነው ገበያ ሄደው የሚመለሱ አሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሆነው ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡም አሉ። ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር ደግሞ ይኸውና፦ ከቀዶ ሕክምናው ይበልጥ የሚጠቀመው ራጁ ላይ ጉዳቱ የከፋው ሰው ነው። ሕመሙ ብርቱ ሆኖ ራጁ ቀላል የሆነበት ሰው ጉልበቱ ከተቀየረ በኋላም «አልተሻለኝም» የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ሕመሙ ከሌላ ቦታ መምጣቱ ነው፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ወይም የወገብ ነርቭ ተጎድቶ ሕመሙ ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። ዳሌዎን ሳያንቀሳቅስ፣ ስለ ወገብዎ ሳይጠይቅ፣ ራጅ ብቻ ዓይቶ «ይቀየር» ያለ ሐኪም ምርመራውን አልጨረሰም።

ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ጉልበቱ እንዳለ ተነቅሎ ሌላ አይተከልም። ሥራው ለተበላሸ ጥርስ ሽፋን ከማልበስ ጋር ይቀራረባል። ከፊት ለፊት ከ12 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቆዳ ይከፈታል። ከጭን አጥንት ጫፍና ከቅልጥም አጥንት ራስ ላይ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆረጣል። የጭኑ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከኮባልትና ክሮም ቅይጥ የተሠራ የብረት ቆብ ይደረግለታል፤ ቅልጥሙ ላይ የታይታኒየም ወይም የዚያው ቅይጥ ጠፍጣፋ ብረት ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። የጉልበት ሎሚ ጀርባ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቁልፍ የሚጨምሩ ሐኪሞች አሉ፣ የማይጨምሩም አሉ። ብረቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያጣብቀው በአብዛኛው ለአጥንት ተብሎ የተዘጋጀ ሲሚንቶ ነው። ሥራው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ ይከናወናል።

የተጎዳው የጉልበቱ አንድ ጎን ብቻ ከሆነና ጅማቶቹ ደህና ከሆኑ ያንን ጎን ብቻ መቀየርም ይቻላል። ቁስሉ ያነሰ፣ ማገገሙ የፈጠነ፣ የኢንፌክሽንና የደም መርጋት ስጋቱም ዝቅ ያለ ነው። በአንጻሩ እንደገና የመከፈት ዕድሉ ከሙሉው ይበልጣል። «የእኔ ጉልበት በከፊል ሊቀየር የሚችል ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አንዳንድ ሐኪሞች ከፊሉን ስለማይሠሩ ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የሚገኘው ጥቅም በቁጥር

እንግሊዝ አገር ሕመምተኞች ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ 12 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይሞላሉ። ሙሉ ነጥቡ 48 ነው፤ ከፍ ሲል ጥሩ ነው። ሰዎች በአማካይ ወደ 19 ነጥብ ይዘው ይገባሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ወደ 35 ነጥብ ይደርሳሉ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፦ መቶ ሜትር ሄዶ ይቆም የነበረ ሰው ሳያቋርጥ ይሄዳል፣ ሌሊት ይተኛል፣ ደረጃ ይወጣል። ግን 48 እንዳልደረሰ ልብ ይበሉ። ከፍተኛውና አስተማማኙ ጥቅም የሕመም መቀነስ ነው፤ የሃያ ዓመት ጉልበት አይመለስም።

ከአምስት ሰው አራቱ ያህል በውጤቱ ይረካሉ። አንዱ አይረካም፤ ወይ ሕመሙ ቀርቶበታል፣ ወይ ጉልበቱ ገትሯል፣ ወይ የጠበቀውን አላገኘም። ይህ ቁጥር በተለያዩ አገሮች ጥናት በተደጋጋሚ የወጣ ሆኖ ሳለ በምክክር ጊዜ ሲነገር የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው። አምስተኛው ሰው የመሆን ዕድልን ከፍ የሚያደርጉት የታወቁ ናቸው፦ ራጁ ላይ ጉዳቱ ቀላል መሆን፣ መላ ሰውነትን የሚያም በሽታ፣ ያልታከመ ድብርት ወይም ጭንቀት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ ከእውነታው የራቀ ተስፋ።

የማይመለሰው፦ ቁጢጥ ማለት፣ መንበርከክ፣ መስገድ

ስለዚህ ጉዳይ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተተረጎሙ የምክር ጽሑፎች ሲያትቱ የሚያወሩት ስለ ጎልፍና ስለ ቴኒስ ነው። የእኛ ሰው ጉልበቱን የሚፈልገው ለሌላ ሥራ ነው። ደህና ጉልበት ወደ 140 ዲግሪ ይታጠፋል። የተቀየረ ጉልበት በአብዛኛው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ይደርሳል። ለመራመድ 70 ዲግሪ ገደማ ይበቃል፤ ለደረጃ 90 ያህል፤ ከወንበር ለመነሳት እስከ 105። ቁጢጥ ብሎ ለመቀመጥ፣ ግንባርን መሬት አስነክቶ ለመስገድ፣ በሶላት ጊዜ ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ግን ከ130 በላይ ያስፈልጋል። ዝቅ ያለ የቡና በርጩማ ላይ መቀመጥ በድንበሩ ላይ ነው፤ ከዚያ መነሳቱ ደግሞ ከመቀመጡ ይከብዳል።

መንበርከክ የተለየ ጉዳይ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ መንበርከክ ብረቱን አይጎዳውም፤ ግን ብዙ ሰው ይከብደዋል። ቆዳው ሲከፈት ትንንሽ ነርቮች ስለሚቆረጡ ከጠባሳው ውጪኛ ጎን ያለው ቆዳ ይደነዝዛል፤ ይህ በሁሉም ሰው ላይ ሊባል በሚችል ደረጃ ይከሰታል። በደነዘዘ ቆዳ ላይ መንበርከክ ደስ አይልም። ወፍራም ስፖንጅ ወይም ትራስ ይረዳል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ከሁሉ በላይ የሚወስነው በፊት ምን ያህል ይታጠፍ እንደነበር ነው። «ብዙ የሚታጠፍ» ተብለው በውድ የሚሸጡ ዓይነቶች በጥናት ሲታዩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለው መጸዳጃ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ወንበር ያለው መጸዳጃ ወይም መቀመጫ የተሠራለት የብረት ድጋፍ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መዘጋጀት አለበት። የስግደቱን ነገር ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም ጋር አስቀድሞ መነጋገርም እንደዚሁ። በቤተሰብ ውስጥ በተለይ ይህ ሲታለፍ ይታያል፦ ውጭ ያሉ ልጆች ብሩን ይልካሉ፣ ሆስፒታሉን ይመርጣሉ፣ «እማዬ ሳያማት ትራመድልን» ይላሉ። እናትየው ደግሞ የምትሻው በሁዳዴ ሰግዳ መነሳት ሊሆን ይችላል። ያ እንደማይገኝ ቀድማ ብታውቅ ምናልባትም የእሷ ውሳኔ ሌላ ይሆን ነበር።

ስጋቶቹ

ትልቁ ስጋት ኢንፌክሽን ነው፤ ከመቶ ሰው አንድ ወይም ሁለት ይገጥመዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ መዘዙ ግን ረጅም ነው። ባክቴሪያ ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ስለሚደበቅ የሚዋጥ መድኃኒት ብቻውን አያጠፋውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበት ጉልበቱ ተከፍቶ ይታጠባል፣ ፕላስቲኩ ይቀየራል፣ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ከቆየ ብረቱ በሙሉ ይወጣል፤ አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ በጊዜያዊነት ይቀመጣል፤ ከወራት በኋላ አዲስ ይገባል። ቁስሉ ከአንድ ሳምንት በላይ ፈሳሽ ካመነጨ፣ ከቀላ፣ ትኩሳት ከመጣ ወደ ቀዶ ሐኪሙ መመለስ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ አንቲባዮቲክ ውጦ መጠበቅ ወሳኙን ጊዜ ያባክናል፤ ናሙና ሳይወሰድ መድኃኒት ከተጀመረም የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል።

የደም መርጋት ሁለተኛው ነው። ደም ማቅጠኛ ተሰጥቶም ቢሆን ከመቶ አንድ ሰው ገደማ በእግሩ ወይም በሳንባው የሚታወቅ መርጋት ይይዘዋል። ባትን በድንገት ማበጥና ማመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረትን መውጋት ምልክቶቹ ናቸው። ያበጠ ባት አይታሽም። ወጌሻ ጠርቶ አዲሱን ጉልበት ማሳሸትም፣ ምንም ያህል የታወቀ ወጌሻ ቢሆን፣ መደረግ የለበትም።

ሦስተኛው መገተር ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላም 90 ዲግሪ መታጠፍ ያቃተው ጉልበት በማደንዘዣ ተኝቶ በሐኪም እጅ እንዲታጠፍ ሊወሰን ይችላል። የነርቭ ጉዳት፣ የአጥንት ስብራትና የደም ሥር መጎዳት አሉ፤ ብርቅ ናቸው። ሞትን በተመለከተ፣ በእንግሊዝና በዌልስ መዝገብ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 45 ቀናት የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2003 ከሺህ ወደ አራት የሚጠጉ ነበሩ፤ በ2011 ወደ ሁለት ወርደዋል። ልብ፣ ኩላሊት ወይም ሳንባ የታመመ ሰው ከዚህ አማካይ በላይ ነው፤ የራሱን ግምት ከሰመመን ሐኪሙ መጠየቅ አለበት።

ዕድሜ ሚዛኑን እንዴት ያዞረዋል

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የትልልቅ መዝገቦች ጥናት እንዳሳየው ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ መቶ ጉልበቶች 82ቱ ከ25 ዓመት በኋላም በቦታቸው ናቸው፤ በከፊል ከተቀየሩት 70ው። «አሥር ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው» የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። ሆኖም በብሪታንያ መረጃ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖ ያስቀየረ ሰው በሕይወት ዘመኑ እንደገና የመከፈት ዕድሉ አምስት በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያስቀየረ ወንድ ግን እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ አጥንቱ ቀንሷል፣ ብረቱ ይረዝማል፣ ኢንፌክሽኑ ይበዛል፣ ውጤቱ ያንሳል። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የተጎዳ ሾፌር እና በሰባ አራት ዓመታቸው የተጎዱ እናት አንድ ዓይነት ራጅ ይዘው ቢቀርቡ እንኳ አንድ ዓይነት ምክር አይሰጣቸውም።

ቢላዋ ሳይነካ ምን ይገኛል?

እዚህ ላይ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ነው። ጉልበታቸው ለመቀየር የደረሰ 100 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ተቀየረላቸው፤ ከዚያም ለ12 ሳምንት የሚመራ እንቅስቃሴ፣ ትምህርት፣ የአመጋገብ ምክር፣ የጫማ ውስጥ ድጋፍና ማስታገሻ አገኙ። ሌሎቹ ያንኑ ሁሉ ያለ ቀዶ ሕክምና አገኙ። ከዓመት በኋላ ሕመምንና የዕለት ኑሮን ከመቶ በሚለካ ነጥብ የተቀየረላቸው 32.5 ነጥብ ተሻሻሉ፤ ያልተቀየረላቸው 16። ቀዶ ሕክምናው በእጥፍ በልጧል። ግን ከባድ ችግሮች ሲቆጠሩ በተቀየረላቸው ወገን 24፣ በሌላው 6 ሆኑ። ካልተቀየረላቸው መካከል በዓመቱ ውስጥ አንድ አራተኛው ገደማ ሐሳባቸውን ለውጠው አስቀየሩ፤ ሦስት አራተኛው አልፈለጉም። እጅግ የከፋ ሕመም የነበራቸው ሰዎች በጥናቱ አልተካተቱም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሌሊቱን ሲቃትት ለሚያድር ሰው አይነገርም።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ሦስት ወር በትክክል ሳይሞከር «ሁሉንም ሞክሬ አልሆነም» እንደማይባል ነው። በትክክል ማለት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በፊዚዮቴራፒስት መሪነት የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው፦ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ተነስቶ መቀመጥ፣ እግርን ዘርግቶ ማንሳት፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማመሙ ጉዳት አይደለም፤ በማግስቱ ካልተረጋጋ መጠኑ ይቀነሳል። ክብደትም አለ፤ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ምርኩዝ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው የሚያዘው፤ አብዛኛው ሰው በተሳሳተው እጅ ይዞት ይታያል። የዳይክሎፌናክ ቅባት ከሚዋጠው ያነሰ ጉዳት አለው። የሚዋጠውና የሚወጋው ለጨጓራ፣ ለኩላሊትና ለደም ግፊት አይመችም፤ ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መውሰድ ለአረጋውያን አደጋ ነው።

የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል፤ በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጉ ሰዎች ግን ጨው ውኃ ከተወጉት የተሻለ እፎይታ ሳያገኙ ልም አጥንታቸው ይበልጥ ሳስቶ ተገኝቷል። በካሜራ ገብቶ ጉልበትን ማጠብና መፋቅ ለዚህ በሽታ እንደማይጠቅም እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ታይቷል። «ልም አጥንት ያበቅላል» ተብሎ ለሚሸጥ ውድ መርፌ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ያንን ለአንድ ዓመት ፊዚዮቴራፒ ማዋል ይሻላል።

ስጋትን መቀነስ የሚቻለው በፊት ነው

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ የሦስት ወር የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ (HbA1c) ቢያንስ ከ8 በመቶ በታች መውረድ አለበት። ሲጋራ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቆማል። የደም ማነስ ይታከማል። የሚያመረቅዝ ጥርስ ይነቀላል ወይም ይታከማል፤ የእግር ጣት መካከል ያለ ቁስልና የተሰነጠቀ ተረከዝም ለባክቴሪያ በር ነው። ስቴሮይድ መርፌ ከተወሰደ ሦስት ወር ይጠበቃል። የሰውነት ክብደት ከቁመት ጋር ሲሰላ የሚወጣው ቁጥር (BMI) ከ40 በላይ የሆነበት ሰው የኢንፌክሽን ስጋቱ ስለሚጨምር ብዙ ሐኪሞች እስኪቀንስ ይጠብቃሉ።

ማገገሙ ደግሞ ሥራ ነው። በዕለቱ ወይም በማግስቱ ቆሞ መራመድ ይጀመራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁሉ ይከፋሉ፤ ምርኩዙ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት አካባቢ ይጣላል፤ እብጠቱና ሙቀቱ ለወራት ይቆያል፤ የመጨረሻው ውጤት የሚታወቀው ዓመት ሲሞላ ነው። ቤቱን የሚሞላው ጠያቂ «አይነሱ፣ ይረፉ» ይላል። በፍቅር ነው፤ ጉልበቱን ግን ያገትራል። ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግም ደስ ይላል እንጂ ጉልበቱ ቀጥ እንዳይል ያደርገዋል፤ ትራሱ ተረከዝ ሥር ነው የሚገባው።

ለቀዶ ሕክምናው ወደ ህንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይጨምርበታል። ብዙ ሐኪሞች ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ረጅም በረራ እንዲቀር ይመክራሉ፤ የታካሚዎች ጉዞ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያጠረ ነው። ሁለተኛ፣ ቁስሉ ቢያመረቅዝ እዚህ የሚቀበል ሐኪም ማን እንደሆነ ሳይሄዱ በፊት መታወቅ አለበት። ሲመለሱ የገባውን ብረት ኩባንያ፣ ዓይነትና መጠን የያዘውን ተለጣፊ ወይም ካርድ ከቀዶ ሕክምናው ዘገባ ጋር ይያዙ፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ቢከፍተው የትኛውን ዕቃ እንደሚያዘጋጅ የሚያውቀው በዚያ ነው።

ሚዛኑን ማቆም

ወረቀት ላይ ጉልበቱ የከለከለዎትን ሦስት ነገሮች ይጻፉ፤ «መራመድ» ብለው ሳይሆን «ከቤት እስከ ታክሲ ሳልቆም መሄድ» ብለው። በየአንዳንዱ ፊት የተቀየረ ጉልበት ይመልሰዋል ወይስ አይመልሰውም የሚለውን ከሐኪሙ ጋር ይሙሉ። ከሦስቱ ሁለቱ ቁጢጥ ማለትና መስገድ ከሆኑ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ከዚያ «ከአምስቱ ሰዎች አምስተኛው ብሆንስ?» ብለው ይጠይቁ። «አሁን ካለሁበት የባሰ ምን ይመጣል?» የሚል ሰው እና «አሁን ያለችኝን ከማጣ» የሚል ሰው ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ የተለያየ ነገር ይወስናሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ቀዶ ሐኪሙንም በዓመት ስንት እንደሚሠራ ይጠይቁት። በሮቦት መሠራቱ ወይም የብረቱ ስም ከሐኪሙ ልምድ አይበልጥም።

ውሳኔው «ልቆይ» ከሆነ መቆየትም ዋጋ አለው። ጡንቻ ይከሳል፣ እግር ይወለጋገዳል፣ ጉልበት ቀጥ ማለት ይተዋል፤ ያን ጊዜ ቢሠራም ውጤቱ ያንሳል። በየስድስት ወሩ ሦስት ነገር ይለኩ፦ ሳይቆሙ የሚሄዱትን ርቀት፣ በሳምንት ሕመም የሚቀሰቅስዎትን ሌሊት ብዛት፣ እና አልጋ ላይ እግርዎን ዘርግተው በጉልበትዎ ጀርባና በፍራሹ መካከል የሚገባውን የጣት ቁጥር። ያለፈው ጊዜ ሁለት ጣት ከነበረና አሁን አራት ከገባ ቀጠሮ ይያዙ።